አሥራ ሁለት ኪሎ

ግንቦት 6፣ ሰኞ

ጋራዥ ስገባ ጎማ ቀያሪያችን ቀድሞኝ ገብቶ ሬዲዮ ይጎረጉራል። ስለ ትናንቱ የመኪና ውድድር የሚያወሩትን ለመስማት። የእህቴ ልጅ አሸንፋለች፤ በግማሽ ሰከንድ። አንድ ውድድር ሲቀር ዝምተኛውን በሦስት ነጥብ ትመራለች። ዝምተኛው የምንለው ተፎካካሪዋን ነው። ከሰው ጋር ሲያወራ ያየው የለም።

ክርክር ተነሳ። ሻምፒዮንነት የሚገባው ለማን ነው? ጎማ ቀያሪው መኪናው ላልተበላሸበት ነው አለ። እኔ እንደ ሁልጊዜዬ፣ ከሁሉም ዘግይቶ ፍሬን ለሚይዘው ነው አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሜካኒክ ሆኜ ሌላ መልስ ኖሮኝ አያውቅም። ደግሞ ትናንት ረጅሙ መታጠፊያ ላይ ያደረገችውን ያየ ምን ይከራከራል? እግሯን ከነዳጅ ሳታነሳ...

ኮርቻለሁ። ለራሴ ስለሆነ የምጽፈው፣ ምን ያሳፍረኛል?

ግንቦት 8

ወይኔ።

ግንቦት 9

ትናንት ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ ልሞክር።

ትናንት ዕቃ የምንጭንበትን መኪና ሳጸዳ ከኋላ ወንበር ሥር አሮጌ ቱታዬን አገኘሁ። ከበደኝ። ፈታሁት። የእርሳስ ብረቱ! አሥራ ሁለት ኪሎ።

የቀለለ መኪና ስለሚፈጥን፣ ደንቡ መኪናው ከነሾፌሩ ከተወሰነ ክብደት እንዳያንስ ያዛል። የእህቴ ልጅ ቀጭን ናት፤ ስለዚህ ይህን ብረት ከመቀመጫዋ ሥር በብሎን እናስራለን። እሁድ ጠዋት መቀመጫው ተነቃነቀ። ብረቱን አውጥቼ በቱታዬ ጠቀለልኩና መቀመጫውን አጠበቅሁ። ወዲያው ለመነሻው ሰልፍ ተጠራን... ከዚያማ በቃ፣ ረሳሁት። ከውድድሩ በኋላ ሚዛን ላይ የሚወጡት ዕጣ የወጣባቸው ሦስት መኪኖች ብቻ ናቸው። እኛ አልወጣብንም።

ማንም አያውቅም። እኔ ብቻ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ መጣች። ጎማ ላይ ተቀምጣ ረጅሙን መታጠፊያ በጣቷ አቧራው ላይ ሳለችልኝ። እሁድ አንድ ነገር ገብቶኛል፣ ድሮ ፈሪ ነበርኩ አለች። መፍቻዬን ይዤ መኪናው ሥር ገባሁ። አልነገርኳትም።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ግንቦት 10

ነገርኳት።

ብረቱን ከነቱታው ፊቷ አስቀምጬ፣ ሳልቀባባ። ሌላ ሰው ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። አያውቅም አልኳት። ብረቱን ብድግ አድርጋ መለሰችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣

“እኔ እኮ የጎበዝኩ መስሎኝ ነበር” አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንቺ አላወቅሽም፣ ብቻዬን ሄጄ ልናገር፣ ከፈለግሽም አባሪኝ አልኩ። ብዙ ለፈለፍኩ። እሷ ንጹህ እጇን ታጠበች፤ አደረቀች።

“ጃኬትህን ልበስ ጋሼ። የዳኛው ቢሮ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል።”

ዳኛው የጻፍነውን ሁለቴ አነበበው። ማን ከሰሳችሁ አለ። ማንም አልከሰሰንም አልነው። መነጽሩን አወለቀ።

“ታዲያ ለምን መጣችሁ?”

“ስላላሸነፍኩ” አለችው።

ግንቦት 13

ውሳኔው መጣ። ድሉ ተሰረዘ፤ አንደኝነቱ ሁለተኛ ለወጣው ለዝምተኛው ሆነ። እሷ አሁን በዘጠኝ ነጥብ ወደ ኋላ። የመጨረሻውን ብታሸንፍ እንኳ እሱ ስድስተኛ ከወጣ ዋንጫው የእሱ ነው። እሱ ደግሞ ስድስተኛ ወጥቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከዚያ በላይ ነው።

እህቴ ደወለች። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፣ ልጄን ሞኝነት ያስተማርካት አንተ ነህ ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አምስት ደቂቃ ቆይታ እንደገና ደወለች። ምሳ በልታለች ወይ ለማለት።

የሚገርመው... ትናንት እንደ ድንጋይ ተኛሁ። ብረቱን ካገኘሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ። እፎይ ማለት አያምርብኝም፤ ግን እፎይ ብያለሁ።

ግንቦት 18

ነገ ነው። ብረቱን አስሬ ሦስት ጊዜ ነካሁት። አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል። ከእንግዲህ መኪናው ውስጥ ከመግባቷ በፊት ራሷ ጎንበስ ብላ ብረቱን ታያለች። እኔ ብሆን አያለሁ። መብቷ ነው። ግን ያን ካየሁ በዚህ ሥራ የምቆይ አይመስለኝም።

ግንቦት 19፣ እሁድ

በአጭሩ ልጻፍ፣ ደክሞኛል።

ሰልፉ ላይ መኪናው አጠገብ ቆሜ ስትጎነበስ ጠበቅኋት። አልጎነበሰችም። ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ማስቲካ አለህ አለችኝ። ኪሴን ፈተሽኩ፤ የለም።

“ብረት ትረሳለህ፣ ማስቲካ ትረሳለህ...” አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ጎማ ቀያሪው አይቶኝ ፊቱን አዞረልኝ።

አሸነፈች። ረጅሙ መታጠፊያ ላይ እግሯን ትንሽ አነሳች፤ ትክክል ነበረች፣ መኪናው ሙሉ ክብደቱን ይዟል። ዝምተኛው አራተኛ ወጣ። ሻምፒዮኑ እሱ ነው።

ዕቃ ስንጭን ከነዋንጫው መጣ። ለእሷ ነው የመጣው፤ እኔን አንገቱን ሰብሮ ሰላም አለኝ።

“ሳምንቱን ሙሉ አልተኛሁም” አላት። “እኔ ብሆን ሄጄ እናገር ነበር ወይ እያልኩ። አላውቅም።”

“እኔም እስኪደርስብኝ አላውቅም ነበር” አለችው።

ጨበጣትና ሄደ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ፍሬን ስለፈልፍ ኖሬ... እንግዲህ ጎማ ቀያሪው ነገ ሻምፒዮንነት የሚገባው ለማን ነው ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰውን አውቃለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ገና ከከተማው ሳንወጣ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ልክ በአምስት ዓመቷ እንደነበረችው። እንዳትነቃ ብዬ ቀስ አልኩ። ከኋላ ጥሩንባ በጥሩንባ ሆነ። የሲሚንቶ መኪና ሳይቀር ቀደመን።

ይቅደም።