ቦራን ልግዛት ወይስ ልተዋት

ሰኞ

ዳማ አበቃለት። አልሞተም፣ ክፉ አይንካው፤ ያበቃው ውድድሩ ነው። ሐኪሙ ያበጠውን የፊት እግሩን ጫን ሲያደርገው ፈረሴ ራሱን ወደ እኔ አዞረ፣ ያኔ ሳይነገረኝ ገባኝ። ከእንግዲህ ዱብ ዱብ እንጂ ግልቢያ የለም። የፈረስ ግልቢያ ክለባችን አሠልጣኝ ዳንኤል ግን ጀማሪዎችን እንደሚያስተምርበትና ከክለቡ ጋጣ እንደማይወጣ ቃል ገባልኝ። እንባዬን ዋጥ አድርጌ አመሰገንኩት።

የአማተሮች ውድድር እሁድ ነው። ደንቡ ደግሞ የራስ ፈረስ ይላል። የዳማ እግር ማበጥ ከጀመረ ወዲህ የምለማመደው በቦራ ነው፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ባላት ባዝራ። ግን የኔ አይደለችም፣ የሰው ናት። ወይ እገዛታለሁ፣ ወይ እሁድ አጥር ተደግፌ አጨበጭባለሁ። ማጨብጨብ ደግሞ አልወድም።

ማክሰኞ

ቢሮ ለሥራ ባልደረባዬ ለሰላም ነገርኳት። ሜክሲኮ እስኪሰማ ሳቀች። "ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ፈረስ? በረንዳው ላይ ልታስሪያት ነው?" ክለቡ ጋጣ እንዳለው ታውቃለች፣ ግን ነገር ማጣፈጥ ትወዳለች። ዕድሜዬን፣ ወገቤን፣ ሁሉንም አነሳች። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው አልኳት።

ልግዛት፦ ትፈጥናለች። ትወደኛለች፣ ይመስለኛል። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ መቼን ልጠብቅ?

ልተዋት፦ ለመኪና ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነው። ትንሽ ታስፈራለች። አባዬ።

አባዬ ብቻውን ሦስት ምክንያት ይሆናል። አምና ወድቄ ትከሻዬ የተሰበረ ጊዜ ከኔ ይልቅ የታመመው እሱ ነበር። ዛሬ የቦራን ወሬ ሳነሳ ጋዜጣውን አጠፈ። "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። አንቺን የሚያደርስሽ ሐኪም ቤት ነው" አለኝ። ከዚያ ጋዜጣውን መልሶ ዘረጋ።

ረቡዕ

ወሰንኩ! የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ጉልበቴን እንደ ጋላቢ ጠበቅ ማድረጌን ድንገት ልብ አልኩ። ኋላዬ የቆሙት ሴትዮ ሳያዩኝ አልቀሩም። እንዲህ የሆነ ሰው ምን ምክንያት ይደረድራል?

ከሰዓት ዳንኤል ደወለ። የክለባችን ጌታነህ፣ ያ ሁልጊዜ የሚቀድመኝ፣ ቦራን እየዞረ ሲያያት ዋለ አሉ። በይ እንግዲህ፣ ነገ ፈቃድ ወስጄ እሄዳለሁ።

ሐሙስ

አልቅሼ ነው የምጽፈው።

የቦራ ባለቤት ጋሽ ቱፋ፣ ሱሉልታ ከክለባችን አጥር ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ብዙ አልተከራከርንም። ቀብድ ሰጠሁ፣ ቀሪውን ነገ አልኩ፣ "እናውቅሻለን፣ ዛሬውኑ ውሰጃት፤ ይባርክልሽ" አሉኝ። እጅ ተማታን። ደስታ ሊገድለኝ ነበር። ከዚያ ከቦራ አንገት ላይ ገመዱን ፈቱ፣ ጠቀለሉት፣ ብብታቸው ሥር አድርገው ምንም ሳይሉኝ ወደ ቤት ገቡ።

ቦራ ባዶ አንገቷን ቆመች። እኔም ቆምኩ። ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ ለጌታነህ ሊሰጧት ነው ብዬ ደመደምኩ። መጠየቅ ይቻል ነበር። እኔ ግን ማኩረፍ ይቀናኛል፤ ደህና ይዋሉም ሳልል ወጣሁ። ሰፈሬ ልደታ እስክደርስ በታክሲው መስኮት እያየሁ አነባሁ።

ዓርብ

የኔን ጅልነት ልጻፈው፣ ለልጅ ልጅ ይቅር።

ጠዋት አባዬ ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። ነገርኩት። ሲስቅ ሻዩ ትን አለው። "ገመዱ አይሸጥማ! ሻጭ ከብቱን ይሰጣል እንጂ ገመዱን አይሰጥም፣ የቤቱ በረከት አብሮ ይሄድበታል። ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ነው የሚሄድ። አንቺ ባዶ እጅሽን ሄድሽ?" አዎ፣ ባዶ እጄን፣ በቦርሳና በፀሐይ መነጽር!

ተክለ ሃይማኖት ሮጥኩ፣ ከተደረደሩት ገመዶች ወፍራሙን አነሳሁ። አባዬ ከኋላዬ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? "ቀዩን አትግዢ፣ ፈረስ ነው የምታስሪው እንጂ ሙሽራ አይደለም።" ይህ ፈረስ እንድገዛ የማይፈልገው ሰውዬ እስከ ገበያ ተከትሎኝ መጥቷል!

ሱሉልታ ደረስኩ። ቦራ ግቢው ውስጥ ድርቆሽ ታላምጣለች። ጋሽ ቱፋ ቅር ብሏቸዋል፦ "ገመድ ልታመጪ ወጣሽ ብዬ እስኪመሽ ጠበቅኩሽ። ሲዞራት የዋለው ያ ሰውዬም መጥቶ ነበር፤ ባለቤት አላት ብዬ መለስኩት።" ባለቤት! ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ። ቀሪውን ከፈልኩ። ገመዴን በእጄ አንገቷ ላይ አሰርኩና መንገድ ለመንገድ ወደ ክለቡ እየሳብኳት ሄድን። ሰው ሁሉ አየን። ይየን!

ቅዳሜ

ተመዘገብን። የልምምድ ግልቢያ ላይ ቦራ ሁለት ጊዜ እምቢ አለችኝ፣ በሦስተኛው በረረች። ዳንኤል አትቸኩይ፣ እስከ መታጠፊያው ያዣት ይላል። እጄ ውኃ ቋጥሯል። እፈራለሁ፣ ግን እንዲህ ያለ ፍርሃት እንኳን መጣ።

እሁድ

አሸነፍን! አሸነፍን! አሸነፍን!

ስንነሳ ከኋላ ሁለተኛ ነበርን፣ አፈር እየበላሁ። ያዝኳት። ክንዴ እስኪገነጠል ያዝኳት። መታጠፊያው ላይ ልጓሙን ላላ አደረግኩላት፤ ቦራ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ሄደች። እኔ መቀመጥ ብቻ ነበር ሥራዬ። ጌታነህን በጎኑ ሳልፈው ዞር ብሎ አየኝ፤ ያቺን አስተያየት በገንዘብ አልሸጣትም። ጋሽ ቱፋ አጥሩ ላይ ወጥተው በኦሮምኛ ይጮኻሉ፣ ሰላም ጫማዋን አውልቃ ትዘላለች።

አባዬም መጥቶ ነበር። ሰላም እንደነገረችኝ ከመነሻው ጀምሮ ዓይኑን ጨፍኖ እጇን ጨምድዶ ነው የቆመው፣ "ተቀምጣለች? አሁንስ ተቀምጣለች?" እያለ። መጨረሻው ላይ ሕዝቡ ሲጮኽ ወደቀች ብሎ ራሱን ያዘ።

ቦራን እየመራሁ ፊቱ ቆምኩ። "አባዬ" አልኩት። ቀስ ብሎ ዓይኑን ገለጠ። ትከሻዬን ዳሰሰ፣ እጆቼን አገላብጦ አየ፣ እግሬን አየ። ምንም እንዳልጎደለኝ ካረጋገጠ በኋላ ትንፋሹን ለቀቀና፣

"ማን አሸነፈ?" አለኝ።