ስላንተ ክፉ የሚናገር ሰው ፍለጋ

ጌታዬ ታደሰ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ቤቱ ደህና ነው፤ ጣራው ብቻ እንደ ልማዱ ያፈሳል። ከዚህ በላይ የምነግርህ ወሬ ግን ይኸውልህ፦ ከሞትክ በኋላ ጤነኛ ሆነሃል።

እየቀለድኩ አይደለም። በሕይወት ሳለህ ያስገባኸው የአካል ጉዳት አበል ጥያቄ ወደ እኔ ዞረና ምስክር አምጪ ተባልኩ። ግንባር ላይ መድፉ ግራ ጆሮህን እንደደፈነው፣ ፍንጣሪው ጉልበትህ ውስጥ እንደቀረ የሚያውቁ ሦስት ሽማግሌዎች ይዤ ከመንደራችን ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ የሚሉትን ሳስጠናቸው ነበር።

ግን ሟች እንዴት ይነቀፋል! አያ ደሴ ከቦርዱ ሰብሳቢ ፊት ቆመው፣ «እሱ? ምን እንከን ነበረበት! እንደ ወይፈን ነበር የሚዘል» አሉ። ሁለተኛው ቀጠሉ፤ «ጆሮውማ የሚዳቋ ነው፤ ኮሽታ አያመልጠው!» ሦስተኛው እንባቸው ቀደማቸው። እኔ ከኋላ ነጠላዬን ነክሻለሁ። ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ስንወጣ «ሸጋ አድርገን አከበርነው፣ አይደል?» አሉኝ። አመሰገንኳቸው፤ ምን ላድርግ?

ይግባኝ አልኩ። እሱም ከወደቀ በሩ ይዘጋል፤ እኔም ሌላ መተዳደሪያ የለኝ። መንደሩን ብዞር ስላንተ ክፉ የሚናገር ሰው አጣሁ። መቼ ነው እንዲህ የተወደድከው? በቁምህማ ይህን ያህል አልነበርክም! በመጨረሻ አያ ሞላ ትዝ አሉኝ፤ በእርሻ ድንበር ተኳርፋችሁ፣ ለቅሶህን እንኳ ከዳር ቆመው የተመለሱት።

ሳይለመኑ መጡ። «ደንቆሮ ነበር!» አሉ ይግባኝ ሰሚዎቹ ፊት ጮክ ብለው። «ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ በግራው ቆሜ ስሰድበው አንድ ቀን አልመለሰልኝም። ስንት ስድብ ባከነብኝ! እግሩማ እየተጎተተ በማሳዬ ላይ መስመር ያወጣ ነበር። ከመዝመቱ በፊት ግን...» ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰብ አደረጉ። ከዚያ፣ «ከመዝመቱ በፊት ከአገሩ ልጅ ሁሉ እኔን ሮጦ የሚይዘኝ እሱ ብቻ ነበር» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ጉዳቱ በአገልግሎት ላይ የደረሰ ነው ተብሎ ተወሰነ፤ አበሉም ተፈቀደልኝ።

እኔን ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ። ጓደኛሞች ነበራችሁ? ምነው ሳትነግረኝ ቀረህ? የት ነበር የምትሯሯጡት? አያ ሞላን ብጠይቃቸው «እሱን ጠይቂው» ብለውኝ ሄዱ። ይኸው ጠየቅኩህ።

አገሩ እንደወደደ ስላንተ ያውራ። እኔ የማስታውሰው፣ ይስማኝ ብዬ ዘመኔን ሁሉ በቀኙ የተኛሁለትን ባሌን ነው።

አልማዝህ