ለጊዜው የገቡበት ምድር ቤት

የሥራ ጓደኞቻቸው «እቴ መስመር» የሚሏቸው እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው መጋቢት 3 ቀን 1964 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ፤ «አንቱ» ብዬ መጻፌን ቢሰሙ «ምነው፣ ዛሬ ደርሰሽ አሮጊት አደረግሽኝ!» ባሉኝ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። የአባታችን ዓይን ሲደክም፣ በ1984 ዓ.ም. ለጊዜው ብለው አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ያለ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገቡ። ሥራቸው የታጠበ አንሶላ ተኩሶ ማጠፍ ነበር። የእሳቸው እጥፋት ተዛንፎ አያውቅም፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። በ1990 ዓ.ም. የዚያው ሆቴል የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሞ መሥራት። ከሥራ መልስ ተምረው ዲፕሎማ ያዙ፤ ሁለት የውጭ ቋንቋም ቻሉ። ምድር ቤቱ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው፤ በእሷ የሚታየው የእንግዶች ጫማ ብቻ ነው። ጫማ ባለፈ ቁጥር፣ ካውያውን እንደያዙ፣ በሁለቱም ቋንቋ «እንኳን ደህና መጡ» ይሉ ነበር። ጓደኞቻቸው በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ቦታ በወጣ ቁጥር አመለከቱ። ለዝውውር የክፍል ኃላፊያቸው ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ኃላፊያቸው ግን «እቴ መስመርን ከለቀቅኩማ ጉድ ፈላብኝ!» እያሉ ሳይፈርሙ ቀሩ። የሰው ሀብት ክፍልም «የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ» የሚል ምስክር ወረቀት ሰጣቸው። አሥራ አንድ ጊዜ! ማጠፍ ያቃታቸው ግን አንድ በአንድ ወደ ላይ ተዛወሩ። ሌላ ሆቴል አይሄዱም ወይ ለምትሉ፣ ሄደዋል፤ ሁሉም የሥራ ልምዳቸውን አይቶ የሰጣቸው ያንኑ ካውያ ነው።

በ2003 ዓ.ም. መላ ዘየዱ። ሦስት ወር ሙሉ፣ ልባቸው እየደማ፣ ሆን ብለው አንሶላውን አዛብተው አጠፉ። የሥራ አፈጻጸም ውጤታቸው ከዘጠና ስምንት ወደ ስልሳ አንድ ወረደ፤ ኃላፊያቸውም ወዲያው ፈረሙ። ማመልከቻውን ይዘው እየሮጡ የሰው ሀብት ክፍል ቢወጡ «ከሰባ በታች ያገኘ አይወዳደርም» ተባሉ። እግዚኦ! ቢሠሩም ታሰሩ፣ ባይሠሩም ታሰሩ። ያን ቀን ቤት ገብተው የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ አለቀሱ። በማግሥቱ አንሶላውን እንደ ወትሮው ቀጥ አድርገው አጠፉ። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በ2014 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊዋ ሊጠይቋቸው መጥተው «ምን እናድርግልዎ?» ቢሏቸው፣ ስለራሳቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «በእኔ ቦታ የምትቀጥሯት ልጅ ልዛወር ስትል ልቀቋት» አሉ። ኃላፊዋ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እናታችንንና እኛን ሦስት ታናናሾቻቸውን ትተው፣ ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ፈጣሪ ደጅ ሳያስጠና፣ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ ነፍሳቸውን ይቀበል። አሜን።