ስላጠብካቸው ገሎች

ከማል፣ ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሊሞላ ነው። ሰዉ ሁሉ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይለኛል። እኔን የሚያሰኘኝ ግን ካንተ ጋር መጣላት ነው፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ልጃችን ሐያት የሳሎኑን መጋረጃ ቀይራለች። ወደ ሳሊተ ምሕረት የሚያስገባው መንገድ እንደገና ተቆፍሯል። ቦሌ ሚካኤል ያለውን ጋራዥህን ወንድምህ ይዞታል፤ ደንበኞችህ ግን «እንደ ከማል ሞተር የሚያዳምጥ የለም» እያሉ ያማርሩታል።

የአርኪዮሎጂ መመረቂያ ጽሑፌን ዛሬ ጠዋት አስረከብኩ። በጊዜው ያላለቀው በማን እንደሆነ ታውቃለህ።

እነዚያን የሸክላ ስባሪዎች ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ፣ ለሕንፃ ከታጠረ ማሳ ላይ፣ ሁለት በጋ ጎንበስ ብዬ ነው የለቀምኳቸው። የሚያግዘኝ ፕሮጀክት አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ታደርሰኛለህ፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ከፍተህ ትተኛለህ። ማሳውን በገመድ ከፋፍዬ፣ እያንዳንዱን ገል ለብቻው ከረጢት ውስጥ ከተትኩ፤ የተገኘበትን ቦታም ከረጢቱ ላይ ጻፍኩ። የማጠናው ገሉ ላይ አርሮ የተጣበቀውን ቅሪት ነበር። የጥንት ሰዎች ምን ያበስሉ እንደነበር የሚታወቀው በእሱ ነው። ስንት ጊዜ ነገርኩህ! ጭንቅላትህን ትነቀንቃለህ፣ ዓይንህ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።

ታመህ ሐኪሙ ጋራዥ እንዳትሄድ ሲከለክልህ ቤት መዋል አቃተህ። አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ጋዜጣ አንጥፈህ ገሎቼን እንደ ሞተር ዕቃ ደርድረሃቸዋል፤ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ፣ ቀዩን ከቀይ። ሁሉንም በብሩሽ ፈትገሃቸዋል። ከረጢቶቹን ባዶ አድርገህ፣ አጣጥፈህ፣ ጥግ ላይ ከምረሃል።

«ዕቃ ሳይታጠብ እንዴት ይመረመራል? ስትደክሚ አይቼ እኮ ነው፤ እያቸው እስቲ፣ አዲስ አልመሰሉም?» አልከኝ።

መስለዋል። ጎረቤት እስኪወጣ ጮህኩብህ፤ ከዚያ ሦስት ቀን አላናገርኩህም። የቀረህ ሁለት ሳምንት መሆኑን ማን ነገረኝ? ሐኪሙ ላንተ ነግሮህ ነበር አሉ። አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ገል ታጥባለህ።

አማካሪዬ ነገሩን ሲሰማ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «ቅሪት አልተገኘም ብለሽ እለፊው፤ ማን ያጣራል?» አለኝ። ቀላል ነበር። ልጽፈው ቁጭ አልኩ፤ እጄ እምቢ አለ። አንተ አሮጌ ዕቃ አዲስ ነው ብለህ ለደንበኛ ገጥመህ አታውቅም። በዚህ ግትርነትህ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። ይኸው እኔንም አበላሽተኸኛል። ስለ ምግብ የጻፍኩትን ምዕራፍ እንዳለ ጣልኩትና ስለ ገንቦ አፍ ቅርጽ ከባዶ ጀመርኩ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። አሁንም ስለ ገንቦ አፍ ግድ የለኝም።

ሁሉም ሰው ሟቹን የሚያነሳው በመመረቂያ ጽሑፉ የምስጋና ገጽ ላይ ነው። እኔም ስምህን እዚያ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ምን ብዬ ነው የማመሰግንህ? ያለኸው ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ነው፦ «ስብስቡ በተመራማሪዋ ባለቤት፣ በመካኒክ ከማል፣ በቤንዚንና በብሩሽ ታጥቧል፤ እያንዳንዱ ገል የተገኘበትን ቦታ ከእንግዲህ መለየት አይቻልም።» ያ ማሳ ዛሬ ፎቅ ሆኗል፤ ከእነዚህ ገሎች ሌላ የቀረ የለም። ስለ ቦታው ማወቅ የፈለገ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስላንተ ማንበቡ ግድ ነው።

እኔ አልረሳህም፣ ከማል። እስካለሁ ድረስ እናደድብሃለሁ።