ዓ.ም. ያልተጻፈበት ቺንጋ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
መጋቢት 10 ቀን 1998 ዓ.ም.፤ በፈረንጆቹ ማርች 19 ቀን 2006

ውድ ዓንዶም፦

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ ልጅህ ስምረት አንስታ «አባቴ ተኝቷል» አለችኝ። ሲያትል ብትገባም ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የምትተኛ ሰው እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ደብዳቤውን መቅደድ ትችላለህ፤ ጆሮዬ ላይ መዝጋት ግን አትችልም። ስለ ጤናህ አልጠይቅህም፤ እንዲህ ማኩረፍ የቻለ ሰው ጤነኛ ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። በጥር ወር፣ በቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዓንዶም ባሏ ለሞተባት ሴት የዐሥራ አራት ዓመት ቺንጋ ያለው መኪና ሸጠ» ብዬሃለሁ። ተሳስቻለሁ። እንዴት እንደተሳሳትኩ ከሥሩ አስረዳሃለሁ፤ ምክንያቱም ከጥፋቱ ጥቂቷ ያንተ ናት፣ እሷንም አልለቅልህም።

ያን ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ መኪናዋን ከአንተ የገዛችው ሠርካዲስ «ጋሼ፣ ሞተሩ ያፏጫል» አለችኝ። የመኪናዋን ኮፋኖ ከፈትኩ። ያችን ነጭ መኪና ከእኔ በፊት የምታውቃት አንተ ነህ፤ እኔ ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ወዳለው ሕንጻችን ስመጣ ዐሥር ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር፣ ያኔም ያንተ ነበረች። የማይል ቆጣሪዋ ከሞተ ዘመን ሆኖታል። ስንት እንደሄደች የሚነግረን ነገር ስለሌለ የቺንጋውን፣ የዚያን የሞተር ላስቲክ ቀበቶ፣ ዕድሜ የምናውቀው በቀን ብቻ ነው። ቀኑም ቺንጋውን በሚከልለው ፕላስቲክ ላይ በነጭ ቀለም ባንተ እጅ ተጽፏል፦ «ቺንጋ ተቀየረ 3/8/92»።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩህ።

«ማንበብ ትችል የለም እንዴ? አንብበው።»

«ዘጠና ሁለት ይላል። ዘንድሮ ሁለት ሺህ ስድስት ገብቷል።»

«አባይነህ፣ ቺንጋው ደህና ነው። ሰምቼዋለሁ። የሚያፏጨው የዲናሞው ቺንጋ ነው።»

«የሞተር ቺንጋ በጆሮ አይታወቅም። በመጽሐፍ የተጻፈ ዕድሜ አለው፤ ካለፈ ተበጥሶ ሞተሩን ይሰብራል።»

«አንተ እኮ አባታችን ሆይንም ከማንዋል ነው የምትደግመው» አልክ። ሰው ሳቀ። ተክለሚካኤል የመኪና በር ይዞ እስኪንበረከክ ሳቀ። ደሜ የፈላው ያኔ ነው፤ ስለ ዐሥራ አራት ዓመቱ የጮህኩትም ያኔ ነው። አንተም አፍህን ከፍተህ ልትናገር ስትል አንድ ነገር ጨመርኩ። «እናንተ በፈረንጅ እንደምትቆጥሩ አውቃለሁ» አልኩህ።

አፍህን ዘጋህ። እጅህን በጨርቅ ጠረግህና «ገጹን አሳየኝ» ብለህ ሄድክ። ሁለት ወር ሙሉ «በኛ አቆጣጠር ነው» ማለት ምን አቃተው እያልኩ ስበሳጭ ነበር። አሁን ገብቶኛል። ያቃተህ «እናንተ» ካልኩህ በኋላ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ኖረን፣ በአንዲት ቃል አንተን ኤርትራዊውን ከሌላ ወገን አቆምኩህ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃለህ። በየሳምንቱ ቅዳሜ በሕንጻችን ግቢ ኮፋኖ ከፍቶ የሚጠብቅህ ሰው ጠፋ። የካቲት ሳያልቅ መፍቻህን በሁለት ሣጥን ጭነህ ሄድክ። የማታውቀው የሠርካዲስን ነው። እሷም ፈርታ መኪናዋን አቆመች። እንግልውድ ያለው የአረጋውያን ቤት ሥራዋ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል፤ በሁለት አውቶቡስ ተጉዛ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት አትደርስም። አለቃዋ እስከ ሚያዝያ መግቢያ ብቻ ትታገሳታለች። ከዚያ በኋላ በሰዓቷ ካልገባች ቦታዋን ለሌላ ትሰጣለች።

እኔ ግን በዚያ ሰሞን የማስበው ስለ ሠርካዲስ አልነበረም። «ገጹን አሳየኝ» ስላልከኝ ገጽ ፍለጋ ወጣሁ። አልዋሽህም፣ ላሳፍርህ ነበር። ገጹን አባዝቼ በየአዳራሹ ግድግዳ ልለጥፍብህ ነበር።

መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አወጡልኝ። የአምስት ዓመት ሞዴሎችን በአንድ ላይ አጭቆ፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ሞተር የኛ አይደለም። «ስልሳ ሺህ ማይል» ይላል፤ ስንት ዓመት እንደሆነ አይናገርም። ቆጣሪ ለሌላት መኪና ማይል ምን ያደርግላታል? ሁለተኛ መጽሐፍ ጠየቅኩ። እሱም መጣ፤ የምፈልገው ገጽ ተቀድዶ ተወስዷል። የቀደደውን እግዜር ይይለት።

ከዚያ መለዋወጫ መሸጫ። ልጁ ኮምፒዩተሩን አየና «ሰር፣ ለቺንጋው ዕድሜ ሁለት ቁጥር ነው የሚሰጠኝ» አለ።

«ትክክሉ የትኛው ነው?»

«የፈለጉትን ይውሰዱ።»

ቁጥር ሸሚዝ አይደለም ብዬው ወጣሁ። በጎዳናው ማዶ ያለው ጋራዥ ደግሞ የእነሱ ኮምፒዩተር በፈረንጆቹ ከዘጠና ወዲህ ያሉትን መኪናዎች ብቻ እንደሚያውቅ ነግረው፣ ለአሮጌ «ዳታ የለንም» ብለው መለሱኝ። ዳታ የለንም ማለት እኛ የለንም ማለት ነው እንጂ ቁጥሩ የለም ማለት አይደለም። ያንን ሞተር የሠራ ሰው ያንን ቁጥር ጽፏል። የተጻፈ ነገር ደግሞ አንድ ቦታ አለ።

ልጄ መዓዛ ጋ ሄድኩ። ቤቷ ስቴፕልተን ነው፤ እኔ ስምንት ዓመት የሰው ሻንጣ የጫንኩበት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ዛሬ እሷ ጽጌረዳ ተክላለች። ኢንተርኔቱን ከፈተችልኝ።

«አባባ፣ ይሄኛው ሰውዬ ዋን ትዌንቲ ታውዘንድ ማይል ሄድኩበት ይላል። ይሄኛው ደግሞ በሦስት ዓመት ተበጠሰብኝ ይላል።»

«ስማቸው ማን ነው?»

«ስም የለውም፣ ዩዘርኔም ነው።»

«ስሙን የደበቀ ሰው ምስክር አይሆንም። ዝጊው።»

«አባባ ፕሊስ፣ መኪናዋን ጃንክ ታድርጋት በቃ። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ የተሠራች መኪና ናት እኮ።»

«እኔ ከእሷ በሃምሳ ዓመት እበልጣለሁ። እኔንም ጃንክ አድርጊኛ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ፣ ከዘይት ጣሳ ላይ። ያኔም «አሁን ተምረህ ምን ልትሆን ነው» ያሉኝ ብዙ ነበሩ። ያረጀን ነገር ሁሉ ጣለው የሚል ሰው ስለ መኪና የሚያወራ አይመስለኝም።

ገጹን ያገኘሁት በስተሰሜን ካለው ጃንክ ያርድ፣ ከአሮጌ መኪና መጣያው ነው። በረዶው ቀልጦ መሬቱ ጭቃ በሆነበት ቀን፣ ጉልበቴ ድረስ እየሰመጥኩ፣ ዓይነቷን በስድስተኛው ረድፍ አገኘኋት። ኋላዋ ተጨፍልቋል፤ የፊቷ መሳቢያ ግን ደህና ነው። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ የጥገና ደብተር አለ። ወዲያው አላመንኩትም። በበሩ ላይ ያለውን የሥሪት ዓመት አየሁ፣ ሞተሩ ላይ የተመታውን ፊደል አየሁ፣ ደብተሩ የታተመበትን ዓመት አየሁ። ሦስቱም ከሠርካዲስ መኪና ጋር አንድ ናቸው። ዩዘርኔም አይደለም፤ የሠራት ፋብሪካ ያሳተመው ነው። ገጽ ሠላሳ አንድ እንዲህ ይላል፦ ቺንጋው በስልሳ ሺህ ማይል ወይም በሰባ ሁለት ወር፣ ቀድሞ በደረሰው ይቀየር።

ደስ ብሎኝ እንደ ልጅ እያፏጨሁ ተመለስኩ። ሠርካዲስን አስፈቅጄ ፕላስቲኩን ፈታሁ፤ ቺንጋው እንዴት እንደተሰነጣጠቀ አይቼ በገጹ ላይ ልጨምርበት ነበር። አልተሰነጣጠቀም። በመስተዋት ጀርባውን ሳየው የፋብሪካው ነጭ ማኅተም አለበት። 1999 ይላል።

በዘጠና ዘጠኝ የተሠራ ቺንጋ በዘጠና ሁለት አይገጠምም።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። 3/8/92። ሚያዝያ ሦስት ቀን ዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት። በጣቴ ቆጠርኩ። ሰባ ሁለቱ ወር የሚያልቀው በሚመጣው ሚያዝያ ሦስት ነው። እኔ በጥር ስጮህብህ መጽሐፉ ራሱ ከሁለት ወር በላይ ይሰጥህ ነበር። የገጹን ፎቶ ኮፒ ከደብዳቤው ጋር አያይዤልሃለሁ። አሳየኝ ብለሃል፤ ይኸው።

አሁን ማንም የማያውቀውን ልንገርህ። በዚያ ሚያዝያ አንተና እኔ አንነጋገርም ነበር። የሁለቱ አገሮቻችን ጦርነት ነበረ። አንተ የሬዲዮህን ዜና ሰምተህ ትወጣለህ፣ እኔ የእኔን ሰምቼ እወጣለሁ፣ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ግድግዳ እናያለን። አንድ ቀን ከሁለተኛ ፎቅ መስኮቴ ቁልቁል ሳይ የነጯ መኪና ፊት ተፈታትቶ አንተ ወገብህን ይዘህ ቆመሃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወርጄ መብራት እይዝልህ ነበር። መጋረጃዬን ሳብኩት። ቺንጋውን ስትቀይር ነበር፣ ዓንዶም። መጋረጃውን ባልስበው ኖሮ ቀኑን ማንም ሳይነግረኝ አውቀው ነበር።

ከታረቅን በኋላ ደግሞ አሥመራ ስትማር መምህርህ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በአለንጋ እያስቆጠረ እንዳስተማረህ ነግረኸኛል። «በአለንጋ የገባ ቁጥር አይወጣም» ብለኸኝ ነበር። ሰምቼ ረሳሁት። በአማርኛ የምትጽፍ እጅ በአማርኛ እንደምትቆጥር ማሰብ አቃተኝ፤ ከየት እንደመጣህ ብቻ አሰብኩ።

ይህን ሁሉ አምኜልሃለሁ። ግን «ዓ.ም.» ብለህ መጻፍ ነበረብህ። ሁለት አገር፣ ሁለት ዘመን ባለበት ቦታ ቀን ጽፎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. አለማለት የመካኒክ ሥራ አይደለም። በዚህ እስክሞት አልነቃነቅም።

ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ሰው ምሳውን እየበላ፣ ቆምኩ። ገጹን በእጄ ይዤ «ስለ ዓንዶም የተናገርኩት ሐሰት ነው፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጋሼ አባይነህ፣ ያለፈ ነገር ነው፤ ይቀመጡ» አለኝ ተክለሚካኤል።

«አልቀመጥም። ያን ቀን ስትስቅ ማንም ተቀመጥ አላለህም።»

«ለአንድ ቺንጋ ይሄ ሁሉ?»

«ቺንጋው ደህና ነው። ሰውየው ነው የሄደው።»

ከኋላ አንዱ «ይቅርታው በየትኛው አቆጣጠር ነው?» አለ፤ ሳቁ። በሁለቱም ነው አልኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ «እናንተ» ያልኩህንም ሳልዘል፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ። ወጡ ቀዝቅዞባቸዋል፤ ይቀዝቅዝባቸው።

ከዚያ፣ ሰባ ሁለቱ ወር ሊሞላ ስለተቃረበ፣ አዲስ ቺንጋ ገዝቼ ሠርካዲስ ቤት ሄድኩ። «ቁልፉን ስጪኝ፣ ቅዳሜ እቀይረዋለሁ» አልኳት።

«አልሰጥም።»

«ለምን?»

«ጋሼ፣ መኪናውን ሳይነኩ የሰውየውን ስም ነኩ። አሁን ደግሞ እሳቸው ሳያውቁ ሥራቸውን ሊፈቱ ነው። ጋሽ ዓንዶም ራሳቸው ደውለው ‹ይንካው› ካላሉኝ ማንም አይነካውም፣ እኔም አልነዳውም።»

«ሥራሽን ልታጪ ነው እኮ።»

«ባሌ የሞተ ጊዜ ያችን መኪና ደጄ ድረስ አምጥተው ‹ስትችይ ትከፍያለሽ› ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ስማቸው ሲነሳ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። ሁለተኛ ዝም አልልም።»

«ግትር ነሽ።»

«ጋሼ፣ ይሄን እርስዎ ይሉኛል?»

ልክ ናት።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይህን ነው። ተመለስ አልልህም፤ መመለስህ ያንተ ጉዳይ ነው። ለእኔም አትደውልልኝ። ለሠርካዲስ ደውልላት። ከሥራ የምትገባው በእኛ ሰዓት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው፤ በአንተ ሰዓት አሥር ተኩል ይሆናል፣ እንዳትሳሳት። ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ቤቷ ከስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ካላናገርከኝ አልናገርም። «ይንካው» ካልካት ዝም ብዬ ተነስቼ መፍቻዬን አነሳለሁ። «አይንካው» ካልካትም ዝም ብዬ ቤቴ እገባለሁ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሼ እቀመጣለሁ። እስከ ሚያዝያ ሦስት ሃያ ሦስት ቀን አለ። የምቀመጥበትን ወንበር ከቤቴ ወደ እሷ ቤት ወስጃለሁ።

አባይነህ