የጊፍቲ ፎቶ ይውረድልኝ

ለተከበሩ አቶ ልደቱ
የሕፃናት መርጃ ድርጅታችን ዋና ዳይሬክተር
ጉርድ ሾላ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ፣ እንቅልፍዎም ከእኔ የተሻለ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የአጋርነት ክፍል ባልደረባዎ የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

፩. የውጭ እርዳታ ተመናምኖ ከሦስቱ አጋሮቻችን ሁለቱ ሲሰናበቱን ተስፋ ባለመቁረጥዎ አመሰግናለሁ። የቀረውን አንዱን ለማቆየት ያዘጋጀኋቸውን ፎቶዎች አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ልጆቹ በጣም ደህና እንደሚመስሉ፣ ደህና የሚመስልን ልጅ ደግሞ ማንም እንደማይረዳ በትዕግሥት አስረዱኝ። ደህና እንዲመስሉ ስድስት ዓመት የለፋነው እኛው ነበርን።

፪. በማግሥቱ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ወደሚኖሩት ወይዘሮ አያንቱ ቤት ወጣሁ። ልጃቸው ጊፍቲ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ በሦስተኛ ክፍል አንደኛ ወጥታለች። እንግዳ ይመጣል ተብላ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ድርጅታችን የገዛላትን ጫማ አጽድታ ጠበቀችኝ። ጫማውን እንድታወልቅ ጠየቅኋት። ለምን አላለችም፤ ካልሲዋንም ጨምራ አወለቀችና እርጥቡ መሬት ላይ ቆመች። ፈገግ ስትልልኝ እንዳትስቅ ነገርኳት። እናቷ ፊታቸውን አዞሩ። ይህንን በእርስዎ ላይ ላላክክ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

፫. ፎቶው በአጋራችን ዘንድ ተወደደ፤ ውሉም ለአንድ ዓመት ታደሰ። እርስዎም ደስታዎን ለብቻዎ መያዝ ስላልፈለጉ ፎቶውን በድርጅቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ አወጡት። የክፍል ጓደኞቿ ካዩት በኋላ ጊፍቲ ትምህርት ቤት መሄድ አቆመች።

ወይዘሮ አያንቱ ቢሮ ድረስ መጡ። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ ጫማ እንዳላት ለጓደኞቿ አንቺው ንገሪልኝ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ሄድኩ። አርባ ልጆች ፊት ቆሜ፣ ጫማዋን ያስወለቅኋት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። አንዲት ልጅ ለምን እንደዋሸሁ ጠየቀችኝ። ለእናንተው ብዬ ነው ልል ነበር። ከእናቷ ጋር በር ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ጊፍቲ ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እኔን ግን አላየችኝም።

ስለዚህ ፎቶው ዛሬውኑ እንዲወርድ፣ የሥራ መልቀቂያዬም እንዲጸድቅልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ሙያውን ስላስተማሩኝ የማመሰግንዎ፣ በደንብ በመማሬም የማፍር፣
ሔራን

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ከማቅረቤ በፊት ለአጋራችን በእንግሊዝኛ ልኬላቸው ነበር። መልሳቸው ትናንት ደረሰኝ። ታሪኩ ልባቸውን ስለነካው የልጅቷ አዲስ ፎቶ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ።