አይጧ ድምፄን እንድትለምድ

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠገነ፤ ጉልበቴንም ትንሽ ተሽሎኛል።

ታናሽ እህትሽ ከተመረቀች ወዲህ ነጭ አይጥ ገዝታ ታሠለጥናለች። አይጧ "ነይ" ስትባል ትመጣለች፣ "ዙሪ" ስትባል ትዞራለች፤ በታዘዘች ቁጥር አንድ የሱፍ ፍሬ ትሸለማለች። ይህስ ባልከፋ። ከሰኞ ጀምሮ ግን "እማዬ፣ አንቺ እዘዣት፤ ድምፅሽን ትልመድ" ትለኝ ጀመር። "አንቺ እያለሽ እኔ ምን ቤት ነኝ?" ብላት አቀርቅራ ሳቀች። ትናንት ደግሞ ለዓመት የሚበቃ የሱፍ ፍሬ ጓዳ አስገባች። መሳቢያውን ብከፍት ፓስፖርቷ የለም።

አንቺ ጋ ልትመጣ ነው እንዴ? አልቆጣም። ብቻ ራሷ ትንገረኝ በያት፤ በአይጥ አትላክብኝ። አንቺን የጠበቀ አምላክ እሷንም በመንገዷ ይጠብቅልኝ።

እናትሽ